የሸመገሉ ሠራተኞችና የመንግሥት ሥራ አገናኝ ቤቶች፤ በጃፓን አገር እንደ ተደረገው

በሥራ የኖረ ሰው ዕድሜው ሲገፋ ሁለት ነገር ያገኘዋል። አንደኛው ጕልበቱ እንደ ቀድሞው አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው «አንተ አርጅተሃልና ከእንግዲህ ወዲህ ሥራ አትሻ» መባል ነው። የመጀመሪያውን ተፈጥሮ ያመጣዋል፤ ሁለተኛውን የሰው ልማድና ደንብ ያመጡታል፤ ስለዚህ ደንብ ያጣመመውን ደንብ ሊያቃናው ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ የሚገለጸውም፥ የጃፓን መንግሥት ሥራ ፈላጊውን ከአሠሪው በሚያገናኙት ቤቶችና ሙያ በሚያስተምሩት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ቦታ ያገኙ ዘንድ ያደረገው ድካም፥ ከዚያም የተገኘው ፍሬና እስከ ዛሬ ሳይቃና የቀረው ነገር ነው። የዓመቱ ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፈ ነው።

የኢትዮጵያ ሊቃውንት ወደ ጃፓን መመልከት ከጀመሩ ብዙ ዘመን ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ዓ. ም. መልእክተኛ ሆነው ወደዚያ ሄደው ያዩትን ሁሉ በመጽሐፍ ጽፈው ለአገራቸው ሰው አስነብበዋል። በዚያን ጊዜ እንግዳውን ሁሉ ያስደንቅ የነበረው የጃፓን ፋብሪካና የጃፓን መርከብ ነበረ። ዛሬ ግን ሌሎቹ መንግሥታት በጃፓን ላይ የሚመለከቱት የሽማግሌዎቹን ብዛት ነው፤ በእርስዋ ላይ የደረሰው ነገር ነገ በእነርሱም ላይ እንደሚደርስ ያውቃሉና።

በ1947 ዓ. ም. በጃፓን የአንድ ወንድ ልጅ ዕድሜ በአማካይ 50 ዓመት፥ የሴት ልጅ ደግሞ 54 ዓመት ያህል ይሆናል ተብሎ ይገመት ነበር። (ይህ ማለት ሰው ሁሉ በ50 ዓመቱ ይሞት ነበር ማለት አይደለም። በሕፃንነት የሚሞቱት ብዙዎች ስለ ነበሩ አማካዩ ዝቅ ብሎ ይታያል። መምህራን ይህን ቍጥር ለተማሪ በሚያስረዱበት ጊዜ ሊጠነቀቁበት ይገባል።) በ2020 ዓ. ም. ግን የወንዱ ከ81፥ የሴቲቱም ከ87 ዓመት በላይ ሆኗል። ከሕዝቡ መካከል 65 ዓመት የሞላቸው በ1970 ዓ. ም. ከመቶው 7 ነበሩ፤ በ1994 ዓ. ም. 14 ሆኑ፤ በ2023 ዓ. ም. 29 ደረሱ። ከ7 ወደ 14 ለመድረስ ለፈረንሳይ አገር 115 ዓመት ፈጅቶባታል፤ ለጃፓን ግን 24 ዓመት ብቻ በቃት። እንግዲህ ፈረንሳይ አራት ትውልድ እስኪያልፍ እያሰበች ያደረገችውን፥ ጃፓን በአንድ ሰው የሥራ ዘመን ውስጥ ማድረግ ግድ ሆነባት።

በከተማ የነበረው የሥራ ልማድ እንዲህ ነበር። ኩባንያው ወጣቱን ከትምህርት ቤት እንደ ወጣ ይቀበለዋል፤ ሙያውን ራሱ ያስተምረዋል፤ ደመወዙም በአገልግሎቱ ዓመት ልክ እያደገ ይሄዳል። 55 ዓመት ሲሞላው ግን፥ ጤነኛም ቢሆን፥ በሥራው የተመሰገነም ቢሆን፥ አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ተቀብሎ ይሰናበታል። ይህንንም በቋንቋቸው «ቴይኔን» ይሉታል፤ የተወሰነ ዕድሜ ማለት ነው። በ1954 ዓ. ም. የጡረታው ሕግ በተሻሻለ ጊዜ ደግሞ የወንዶቹ ጡረታ መቀበያ ከ55 ዓመት ወደ 60 ቀስ በቀስ ከፍ እንዲል ተደነገገ። ኩባንያዎቹ ግን የስንብቱን ዕድሜ አላነሡትም። ስለዚህ በ55 ዓመት ደመወዙ ይቆማል፤ በ60 ዓመት ጡረታው ይጀምራል፤ በመካከሉ ያለውን አምስት ዓመት ሰውየው በምን ይኖር ዘንድ እንዳለው የሚመልስለት አልነበረም። ልጆቹን ገና አስተምሮ ያልጨረሰ፥ የቤቱንም ዕዳ ከፍሎ ያልጨረሰ ብዙ ነበረ። እንዲህ ያለው ሰው ወደ መንግሥት ሥራ አገናኝ ቤት ሄዶ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ባነበበ ጊዜ «ዕድሜው ከ35 ዓመት ያልበለጠ»፥ «ከ40 ዓመት ያልበለጠ» የሚል ቃል ያገኝ ነበር።

መንግሥቱ ይህን ለማቃናት ያወጣው ሕግ በአንድ ቀን የተፈጸመ አይደለም። በ1971 ዓ. ም. በዕድሜያቸው መካከለኛና ከፍተኛ የሆኑት ሥራ እንዲያገኙ የሚረዳ ልዩ ሕግ ወጣ። ይህም ሕግ በ1986 ዓ. ም. ተሻሽሎ ስሙ ተለወጠና የአረጋውያንን ሥራ የሚያጸና ሕግ ተባለ፤ አሠሪዎችም የስንብቱን ዕድሜ ወደ 60 ያደርሱ ዘንድ እንዲጣጣሩ መከራቸው። ምክሩ ሥር ከሰደደ በኋላ በ1994 ዓ. ም. ትእዛዝ ሆነ፤ ከ1998 ዓ. ም. ጀምሮ ሠራተኛውን ከ60 ዓመት በፊት በዕድሜው ብቻ ማሰናበት ተከለከለ። በ2004 ዓ. ም. በተደረገው ማሻሻያ አሠሪው ከሦስት ነገር አንዱን እንዲመርጥ ታዘዘ፤ ይኸውም የስንብቱን ዕድሜ ወደ 65 ያነሣል፥ ወይም የተሰናበተውን እንደ ገና ይቀጥራል፥ ወይም የስንብትን ዕድሜ ፈጽሞ ይተወዋል። ከ2013 ዓ. ም. ወዲህ አሠሪው «ይህን እቀጥራለሁ፥ ያንን አልቀጥርም» እያለ የሚለይበት ደንብ እየተሻረ መጣ። ከ2021 ዓ. ም. ጀምሮ ደግሞ ለሚሹት እስከ 70 ዓመት ሥራ ይገኝላቸው ዘንድ አሠሪው እንዲጣጣር ሕጉ ያሳስባል፤ ይህ የመጨረሻው ግን እስካሁን ምክር እንጂ ግዴታ አይደለም። ከዚህ ነገር የጃፓን ሕግ አወጣጥ ይታወቃል፤ አስቀድሞ ይመክራል፥ ልማዱ ሲሰፋ ያዛል። ለዚህም ነው ብዙ ኩባንያዎች ትእዛዙ ሳይደርስባቸው ራሳቸውን አዘጋጅተው የተገኙት።

የመንግሥት ሥራ አገናኝ ቤቶች በ1947 ዓ. ም. በወጣው ሕግ የቆሙ ናቸው። ሕዝቡ በቀላል ስም እንዲያውቃቸው ተብሎ ከ1990 ዓ. ም. ጀምሮ «ሃሎ ወርክ» ይባላሉ፤ በእኛ ቋንቋ «ሥራ ሆይ እንደ ምን ነህ» እንደ ማለት ነው። ስሙ ለአንዳንድ ሰው ጨዋታ ቢመስልም፥ ወደ መንግሥት ቤት መግባት የሚያስፈራውን ሰው ደፋር ስላደረገው ተወዷል። ቍጥራቸው በአገሩ ሁሉ ከ500 በላይ ነው። በዋና ዋናዎቹ ውስጥ 60 ዓመት ለሞላቸው ለብቻው የተለየ መስኮት አለ። በዚያ የተቀመጠው ሠራተኛ ሽማግሌውን «ምን ሥራ ትሻለህ» ከማለቱ አስቀድሞ፥ ምን ሲሠራ እንደ ኖረ፥ ጤናው እንዴት እንደ ሆነ፥ በሳምንት ስንት ቀን መሥራት እንደሚችል፥ ከቤቱም ምን ያህል ርቆ መሄድ እንደሚሆንለት ይጠይቀዋል። 40 ዓመት በአንድ ኩባንያ የኖረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያውቀውን አያውቀውም፤ «እኔ የክፍል ሹም ነበርሁ» ይላል እንጂ፥ ሒሳብ መመርመር፥ የተጣሉትን ማስታረቅ፥ አዲሱን ሠራተኛ ማስተማር እችላለሁ ብሎ አይናገርም። የመስኮቱ ሠራተኛ ዋና ጥበቡ ይህን ከአፉ አውጥቶ በወረቀት ላይ ማስፈር ነው።

በ2007 ዓ. ም. ደግሞ አሠሪው ሠራተኛ በሚፈልግበት ጊዜ በማስታወቂያው ላይ የዕድሜ ወሰን እንዳያኖር በሕግ ተከለከለ። የተተወለት ጥቂት ነገር ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ገና ከትምህርት ቤት የወጡትን ለረጅም ዘመን ለማሠልጠን የሚሻ አሠሪ ዕድሜን ሊወስን ይችላል። እንዲሁም «60 ዓመት የሞላቸውን ብቻ እሻለሁ» ማለት ተፈቅዷል። በሃሎ ወርክ አማካይነት 60 ዓመት የሞላውን ሰው ለሚቀጥር አሠሪ መንግሥት ገንዘብ ይረዳዋል፤ አሠሪው ትንሽ ድርጅት ሲሆንና ሠራተኛውም ሙሉ ጊዜ ሲሠራ እርዳታው በዓመት እስከ 600,000 የን ይደርሳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን፥ ማስታወቂያው ዕድሜ ባይጠቅስም ማመልከቻውን አንብቦ የልደት ዓመቱን ሲያይ ወደ ጎን የሚያኖር አሠሪ አልጠፋም፤ እንዲህ ያለውን ደግሞ በማስረጃ ይዞ ማስቀጣት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ሥራ ያጣ ሰው በቀድሞ ሙያው የሚፈልገው ባይኖር ሌላ ሙያ መማር ይገባዋል። በዚህ ስፍራ ነው የብዙ አገሮች መንግሥታት የተሳሳቱት። የሙያ ማሠልጠኛ ቤቶች የተሠሩት ለወጣት ነው፤ የትምህርቱ ጊዜ ረጅም ነው፤ መምህሩ በጥቍር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ብዙ ይናገራል፥ ተማሪው ይጽፋል፥ በመጨረሻም ይፈተናል። የ58 ዓመት ሰው ከትምህርት ቤት ከወጣ 40 ዓመት ሆኖታል፤ በልጁ ዕድሜ ካሉት ጋር ተቀምጦ ሲሳሳት ያፍራል፤ በሁለተኛው ሳምንት ይቀራል። መምህሩም «ሽማግሌ አይማርም» ብሎ ይደመድማል።

ይህ አባባል እውነት እንዳልሆነ በምርመራ ተረጋግጧል። ሰው ሲያረጅ አዲስና ከምንም ጋር ያልተያያዘ ነገርን በቃል መያዝ ይከብደዋል፤ በችኮላ የሚሰጥን ትእዛዝ መከተልም ይቸግረዋል። ነገር ግን ቀድሞ ከሚያውቀው ጋር የተያያዘውን ነገር በሚገባ ይይዛል፤ የቃላት እውቀቱና ነገርን የማመዛዘን ችሎታው ብዙ ዘመን ይጸናለታል። በእንግሊዝ አገር ዩኒስና ሜሬዲት ቤልቢን የተባሉ ባልና ሚስት በ1960ዎቹ ዓመታት ይህን በፋብሪካዎች ውስጥ መርምረው ነበር። ያገኙትም ይህ ነው፤ ሽማግሌውን ብዙ ከማስረዳት ይልቅ ሥራውን ከቀላል ወደ ከባድ ደረጃ በደረጃ አዘጋጅቶ በእጁ መስጠትና መንገዱን ራሱ እንዲያገኘው መተው ይሻላል። አስቀድሞ በስሕተት የያዘውን ልማድ ማስተው ለእርሱ ከወጣቱ ይልቅ አስቸጋሪ ነውና፥ ከመጀመሪያው ሳይሳሳት እንዲሠራ አድርጎ ሥራውን ማዘጋጀት የመምህሩ ፋንታ ነው። ጊዜውም እንደ ተማሪው እርምጃ እንጂ እንደ መምህሩ ሰዓት መሆን የለበትም። ማታ ማታ ጎልማሶችን ፊደል ለሚያስቈጥር የገጠር መምህር ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። አዛውንቱ «ሀ፥ ሁ፥ ሂ» ብለው በዜማ ከመድገም ይልቅ የራሳቸውንና የልጆቻቸውን ስም መጻፍ ሲጀምሩ ፈጥነው እንደሚይዙ አይቷልና።

በጃፓን የሙያው ትምህርት ለሥራ ፈላጊው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክፍያ ነው፤ የሥራ አጥነት መድን የሚቀበለውም ሰው ትምህርቱን እስኪጨርስ ድረስ መድኑ ሊራዘምለት ይችላል። በቶኪዮ 50 ዓመት ለሞላቸው ብቻ የሚያስተምር የመንግሥት ማሠልጠኛ ቤት አለ። በዚያ የሚማሩት የትልልቅ ሕንፃዎችን ማሞቂያና የውሃ ቧንቧ መጠበቅን፥ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ማደስን፥ በሆቴል ማስተናገድን የመሰለውን ነው። እነዚህ ሙያዎች በአጋጣሚ የተመረጡ አይደሉም። በከተማው ውስጥ ያሉት ሕንፃዎች ጠባቂ ይሻሉ፤ ሥራው የጡንቻ ብርታት ሳይሆን ጥንቃቄና ትዕግሥት ይፈልጋል፤ አሠሪዎቹም ሽማግሌ መቅጠርን ለምደዋል። ማሠልጠኛ ቤት አስቀድሞ የሚቀጥር ማን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ካስተማረ፥ የሚያወጣው የምስክር ወረቀት ያለውን ሥራ አጥ ነው።

የመድኑ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ጎድሎ ኖሯል። 65 ዓመት ከሞላው በኋላ አዲስ የተቀጠረ ሰው በሥራ አጥነት መድን ውስጥ የገባው ከ2017 ዓ. ም. ጀምሮ ነው። ዛሬም ቢሆን ከ65 ዓመት በኋላ ሥራው የቀረበት በየወሩ አይከፈለውም፤ የ30 ወይም የ50 ቀን ያህል ገንዘብ በአንድ ጊዜ ተቀብሎ ይሄዳል።

ከሁሉ ይልቅ የጃፓንን ስም ያስጠራው ግን ሌላ ሥራ ነው። በከተሞች ውስጥ ደመወዝተኛ ሆነው ሙሉ ቀን መሥራትን የማይሹ፥ ወይም የማይችሉ፥ ነገር ግን እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥን የሚጠሉ ሽማግሌዎች ብዙ ነበሩ። በ1949 ዓ. ም. በወጣው ሕግ መንግሥት ለሥራ አጦች መንገድ በማስጠረግና በመሳሰለው የቀን ሥራ ይሰጥ ነበር፤ በዚያ የገቡትም ሰዎች በዚያው ሸምግለው ነበር። የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት የኤኮኖሚ ሊቅ ኦኮቺ ካዙዎ፥ ለሽማግሌ የሚሰጠው ሥራ ምጽዋት መሆን የለበትም፥ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ማኅበር አቁመው ሥራውን ተቀብለው ይከፋፈሉት የሚል አሳብ አቀረቡ። በዚህ አሳብ በ1975 ዓ. ም. በቶኪዮ ኤዶጋዋ በተባለው ቀበሌ የመጀመሪያው ማኅበር ተቋቋመ። በ1980 ዓ. ም. መንግሥት ገንዘብ ይረዳ ጀመር፤ በ1986 ዓ. ም. በሕግ ታወቀ። ስሙም «ሲልቨር» ተባለ፤ ብር ማለት ነው። በ1973 ዓ. ም. የባቡር መሥሪያ ቤቱ ለሽማግሌዎች የለየውን ወንበር ብርማ ቀለም ባለው ጨርቅ አልብሶት ነበርና፥ ከዚያ ወዲህ በጃፓን ብር የሽማግሌ ስም ሆኖ ቀረ።

የማኅበሩ አሠራር እንዲህ ነው። 60 ዓመት የሞላውና መሥራት የሚችል ሰው የማኅበሩን ደንብ ሰምቶ፥ ጥቂት የዓመት መዋጮ ከፍሎ አባል ይሆናል፤ የሚያውቀውንም ሙያ ያስመዘግባል። ባለቤት፥ ባለሱቅ፥ ወይም ማዘጋጃ ቤት ሥራ ሲኖረው ወደ ማኅበሩ ይልካል። ማኅበሩ ዋጋውን ተነጋግሮ ሥራውን በራሱ ስም ይቀበላል፤ ለአባላቱም ያድላል። ገንዘቡ ሲከፈል ለጽሕፈት ቤቱ ወጪ ጥቂት ተቀንሶ የቀረው ለሠራው ይሰጣል። ይህም ደመወዝ አይባልም፤ ድርሻ ይባላል። ሥራው በወር 10 ቀን ያህል፥ ወይም በሳምንት 20 ሰዓት ያህል እንዲሆን ተወስኗል፤ የሚገኘውም በወር ከ30,000 እስከ 40,000 የን አካባቢ ነው። በዚህ ብቻ የሚኖር የለም፤ በጡረታው ላይ የሚጨመር ነው።

የሥራው ዓይነት ብዙ ነው። የጥድ ዛፍ ይከረክማሉ፤ ሣር ያጭዳሉ፤ የብስክሌት ማቆሚያ ይጠብቃሉ፤ በጃፓን ቤት የወረቀት በር ሲቀደድ አዲስ ወረቀት ይለጥፋሉ፤ ሁለቱም ወላጆች ሥራ የዋሉበትን ቤት ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀበላሉ። ከሁሉ የሚያስገርመው የብሩሽ ጽሕፈት ነው። በሠርግና በለቅሶ ጊዜ የሚላከው ደብዳቤ አድራሻው በብሩሽና በቀለም ካልተጻፈ ክብር የለውም ተብሎ ይታሰባል፤ ይህን አሳምረው የሚጽፉ ወጣቶች ጥቂት ስለ ሆኑ ሥራው ለሽማግሌዎቹ ይመጣል። በኢትዮጵያ የቁም ጸሐፊን ያየ ሰው ነገሩን በቀላል ይረዳዋል። በማኅበሩ ውስጥ ትምህርትም አለ፤ ዛፍ መከርከም የሚያውቀው አሮጌው አባል የማያውቀውን አዲሱን አባል ያስተምራል፤ ይህም አዲሱ አባል ብዙ ጊዜ በቢሮ ወንበር ላይ 40 ዓመት የኖረ ሰው ነው፤ በመጀመሪያው ቀን መሰላል ላይ መውጣት ያስፈራዋል።

ዛሬ ማኅበሮቹ 1,300 ያህል፥ አባላቱም 700,000 ያህል ናቸው። በ2009 ዓ. ም. አካባቢ ወደ 800,000 ተጠግተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የቀነሱት ሥራው ተጠልቶ አይደለም። ኩባንያዎች እስከ 65 ዓመት ሠራተኛን ማቆየት ግዴታ ስለ ሆነባቸው በ60 ዓመቱ ወደ ማኅበሩ የሚመጣ ጠፋ። ስለዚህም የአባላቱ አማካይ ዕድሜ ከ70 ዓመት በላይ ሆኗል፤ ለእነዚህም ከባዱን የዛፍ ሥራ መስጠት አስግቷል።

ከዚህ የሚነሣው የጉዳት ነገር ነው። የማኅበሩ አባል በሕግ ፊት ሠራተኛ አይደለም፤ ሥራውን በራሱ ኃላፊነት የተቀበለ ሰው ነው። ስለዚህ ከመሰላል ወድቆ እግሩ ቢሰበር ለሠራተኛ የተደነገገው የጉዳት ካሣ አይደርሰውም፤ ማኅበሩ የገባለት መድን ብቻ ይከፍልለታል፤ ይህም ከዚያ ያነሰ ነው። እንዲሁም ለሠራተኛ የተወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ ለእርሱ አይሠራም። ማኅበሩ ምጽዋት እንዳይሆን ተብሎ የተለየው መንገድ፥ አባሉን ከሕግ ጥላ ውጭ አቆመው። ይህን የሚነቅፉ የሕግ ሊቃውንት አሉ፤ ነቀፌታቸውም ትክክል ነው። በ2016 ዓ. ም. ሕጉ ተሻሽሎ፥ የክፍለ አገሩ ገዥ በፈቀደበት ስፍራና ሙያ ማኅበሩ አባላቱን በሳምንት እስከ 40 ሰዓት በሠራተኛነት ማሠራት እንዲችል ሆነ። እንዲህ የተላከው ግን ሠራተኛ ስለ ሆነ ካሣው ይደርሰዋል።

በኩባንያም ውስጥ ያሉት ቢሆኑ ነገሩ ያለ እሾህ አይደለም። በ2022 ዓ. ም. ከሠራተኛው ሁሉ 60 ዓመት የሞላቸው ከመቶው 18 ያህል ሲሆኑ፥ በሥራ ላይ ከተጎዱት መካከል ግን ከመቶው 29 ያህሉ እነርሱ ነበሩ። ከጉዳቱ ዓይነቶች የሚበዛው ተንሸራትቶ መውደቅ ነው። መሬቱ ደረቅ፥ ደረጃው መደገፊያ ያለው፥ መብራቱም ብርቱ ቢሆን ብዙው በቀረ ነበር፤ በ2020 ዓ. ም. መንግሥት ያወጣው መመሪያም ይህንኑ ያዛል። ስለ ደመወዝ ደግሞ፥ 60 ዓመት ሲሞላቸው ተሰናብተው እንደ ገና የተቀጠሩ የጭነት መኪና ነጂዎች፥ ሥራው ያው ሆኖ ሳለ ገንዘባችን ተቀነሰ ብለው ተከራክረው ነገሩ በ2018 ዓ. ም. ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ አብዛኛው ቅነሳ ያለ አግባብ አይደለም ብሎ ፈረደ፤ ነገር ግን አንድ ቀን ሳይቀር ሥራ ለተገኘ የሚሰጠውን አበል ለሽማግሌው መከልከል አግባብ አይደለም አለ። ሥራ ሳይቀር መገኘት ለወጣቱም ለሽማግሌውም እኩል ዋጋ አለውና።

«ሽማግሌው ካልለቀቀ ወጣቱ የት ይገባል» የሚል ጥያቄ በሁሉ አገር ይነሣል። በአንድ ጠባብ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጥያቄው እውነት አለው፤ አንድ ወንበር ሁለት ሰው አይይዝምና። በአገር ሙሉ ሲታይ ግን ሥራ የተቈጠረ ወንበር አይደለም፤ የሚሠራ ሰው ይገዛል፥ ግብር ይከፍላል፥ ሌላውን ያሠራል። የብዙ አገሮች ሒሳብ ተመርምሮ የሽማግሌዎች ሥራ በበዛበት ዘመን የወጣቶች ሥራ እንዳልቀነሰ፥ ይልቁንም አብዛኛውን ጊዜ አብሮ እንደ ጨመረ ታይቷል።

ኢትዮጵያ ከ1923 ዓ. ም. ጀምሮ አባል የሆነችበት ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት፥ በ1980 ዓ. ም. ስለ ሸመገሉ ሠራተኞች ቍጥሩ 162 የሆነ ምክር አውጥቷል። በዚያም ሽማግሌው በሥራ ማገናኘትና በሙያ ማሠልጠን አገልግሎት ከሌላው ጋር እኩል ይስተናገድ የሚል ቃል ተጽፏል። በኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል፤ ገበሬው፥ ሸማኔው፥ አንጥረኛው፥ ሸክላ ሠሪዪቱ ግን የስንብት ደብዳቤ የሚጽፍላቸው የለም፤ ጕልበታቸው እስከ ፈቀደ ይሠራሉ። ስለዚህ ለገጠር ከቶኪዮ ይልቅ የሚቀርበው ምሳሌ የካሚካትሱ ነው።

ካሚካትሱ በሺኮኩ ደሴት፥ በቶኩሺማ ክፍለ አገር በተራራ መካከል ያለች ትንሽ አገር ናት። በ2020 ዓ. ም. ሕዝብዋ 1,400 ያህል ነበር፤ ከእኩሌታው በላይም 65 ዓመት አልፎታል። ኑሮአቸው በመንደሪን ተክል ነበረ። በ1981 ዓ. ም. ክረምት ብርቱ ውርጭ ወርዶ ዛፎቹን አደረቃቸው። በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ የእርሻ መካሪ የነበረው ዮኮኢሺ ቶሞጂ፥ አሮጊቶቹ ሊሠሩት የሚችሉትን ቀላል ነገር ሲፈልግ ቆይቶ፥ በ1986 ዓ. ም. በኦሳካ ከተማ በአንድ ምግብ ቤት ተቀምጦ ሳለ፥ በሳህን ላይ ለጌጥ የተደረገውን ቀይ ቅጠል ሴቶች ሲያደንቁ አየ። ቅጠሉ በካሚካትሱ ተራራ ሁሉ የሞላ ነው።

ለአገሩ ሰው በነገረ ጊዜ የተቀበሉት ጥቂቶች ነበሩ፤ ቅጠል ለቅሞ መሸጥ ነውር መሰላቸው። መጀመሪያ የተላከውም አልተሸጠም። ቅጠሉ መልካም ቢሆንም መጠኑ አልተስተካከለም፥ ወራቱም አልተጠበቀም ነበር። ዮኮኢሺ በራሱ ገንዘብ ከምግብ ቤት ምግብ ቤት እየዞረ ምን ዓይነት ቅጠል፥ በምን መጠን፥ በየትኛው ወር እንደሚፈለግ ተማረና ተመልሶ አስተማራቸው። የምግብ ቤቱ ሰው የፀደይን አበባ የሚሻው ፀደይ ከመግባቱ በፊት መሆኑን አሮጊቶቹ በተረዱ ጊዜ፥ ቅርንጫፉን በሙቅ ቤት አኑረው ቀድመው ማስፈካት ጀመሩ። ይህን ሊያደርግ የሚችለው የእያንዳንዱን ዛፍ ጠባይ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ዛሬ የሚሸጡት ቅጠልና አበባ ከ300 ዓይነት በላይ ነው።

ትእዛዙ በመጀመሪያ በፋክስ ይመጣ ነበር፤ ቆይቶ በኮምፒውተር ሆነ። የ70ና የ80 ዓመት ሴቶች ኮምፒውተር ይማሩ በተባለ ጊዜ የሳቀ ሰው ብዙ ነው። የተደረገው ግን መሣሪያውን ለእጃቸው እንዲመች ማስተካከል ነበር። የሚነካካው ነገር ጥቂት፥ መጠኑም ትልቅ ሆነ፤ በመስታወቱ ላይም የሚታየው እነርሱን የሚመለከት ነገር ብቻ ነው። ይኸውም ዛሬ ምን ታዘዘ፥ ትናንት ዋጋው ስንት ነበረ፥ የራስዋ ሽያጭ ከሌሎቹ ስንተኛ ነው የሚል ነው። ትእዛዙን ቀድማ የነካችው ትወስደዋለች። በዚህም ምክንያት መነጽራቸውን አድርገው በጧት ተነሥተው ይጠባበቃሉ፤ ከዚያም ቅርጫታቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ይወጣሉ፤ ቅጠሉን በመጠኑ ለይተው በሣጥን ያሰልፉታል፤ ከሰዓት በኋላ መኪናው መጥቶ ወደ ከተማ ይወስድላቸዋል።